ጎንደር ላይ ውሃ በ93 ይፈላል፦ የሥጋ ማጨሻዬን ቴርሞሜትር ያስተካከልኩበት መንገድ

የገና ዕለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ የበርሜሉን ክዳን ስከፍት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጭስ ውስጥ የቆየው ፍሪምባ መልኩ ያማረ ነበር። ውጪው ጠቁሯል፣ ስቡ ወዝቷል፣ የወይራው ሽታ አጥር አልፎ ጎረቤት ደርሷል። ቢላዋውን ሳስገባ ግን ሥጋው ያዘው። እንግዶቹ ይሉኝታ ይዟቸው «ይጣፍጣል» እያሉ ለረጅም ጊዜ አላመጡ። እናቴ ብቻ ጉርሻዋን እንደምንም ዋጥ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ይህ ሥጋ ጭስ እንጂ እሳት አላገኘም» አለችኝ። ባለቤቴ የቀረውን ከትፋ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠበሰችውና ማዕዱ ተረፈ።

በጣም አዘንኩ። ያንን ፍሪምባ ሙሉውን ለማግኘት ከቅርጫ ጓደኞቼ ጋር ተደራድሬ፣ ከታላቁም ከታናሹም ከሻኛውም የሚደርሰኝን ትቼላቸው ነው የወሰድኩት። ደግሞም ሥራዬን ቸል አላልኩም። ክዳኑ ላይ የተገጠመው ቴርሞሜትር ቀኑን ሙሉ 110 ዲግሪ ያሳይ ነበር፤ ዓይኔንም ከእሱ አልነቀልኩም። ከሰሉ ሲቀንስ ጨመርኩ፣ ሙቀቱ ሲያልፍ የአየር መግቢያውን ጠበብ አደረግሁ። ቁጥሩ ልክ ከሆነ ሥጋው መብሰል ነበረበት።

ማጨሻው ቀላል ነገር ነው። የምግብ ዘይት የነበረበት ባለ 200 ሊትር በርሜል ገዝቼ፣ ውስጡን በኃይለኛ እሳት አቃጥዬ ካጸዳሁ በኋላ ብየዳ ቤት ወሰድኩት። በያጁ በርሜሉን አስተኝቶ ለሁለት ሰነጠቀው፤ ማጠፊያ፣ እግር፣ የጭስ መውጫ ቱቦና ፍርግርግ ሠራለት። በአንዱ ጎን ከሰል ይነዳል፣ በሌላው ጎን ሥጋው ይቀመጣል፤ እሳቱ ሥጋውን በቀጥታ አይነካውም። ለጭሱ ከቅዳሜ ገበያ የወይራ ፍልጥ እገዛለሁ። የወተት ቅልና የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን እያየ ላደገ ሰው ይህ ምርጫ ማስረዳት አያስፈልገውም። ባሕር ዛፍን ግን አልመክርም፤ ዘይታማ ስለሆነ ጭሱ ሥጋውን መራራ ያደርገዋል።

ቴርሞሜትሩን ወንድሜ ከውጭ አገር ሲመጣ ይዞልኝ የመጣ ነው። ክብ ሰዓት መሰል ፊት አለው፣ ከጀርባው ጣት የሚያህል ዘንግ ወጥቶ ወደ በርሜሉ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተጠቀለለበት ሽቦ አለ። ሁለቱ ብረቶች ሲሞቁ እኩል ስለማይለጠጡ ጥቅልሉ ይዞራል፣ ቀስቱንም ያዞረዋል። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ሲወድቅ፣ ሲንገጫገጭ ወይም ደጋግሞ በጣም ሲግል ከቦታው ስለሚዛነፍ አምራቾቹ ከጀርባው ትንሽ ዳዶ ያደርጉለታል። ዳዶውን በቺያቬ ይዞ ፊቱን በማዞር ቀስቱን ወደ ትክክለኛው ቁጥር መመለስ ይቻላል።

እኔም ከገና በፊት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አብሮት የመጣው ወረቀት «ውሃ አፍሉ፣ ዘንጉን ንከሩ፣ ቀስቱን 100 ላይ አድርጉ» ይላል። ውሃ አፈላሁ፣ ዘንጉን ነከርኩ። ቀስቱ 93 አካባቢ ቆመ። ተዛንፏል ብዬ ዳዶውን ያዝኩና 100 ላይ አደረግሁት። በጥንቃቄ፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ እያየሁ።

ስህተቱን የነገሩኝ በዚያው የገና ማዕድ ላይ የነበሩት ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው።

«ቴርሞሜትሩን በምን አመሳከርከው?» አሉኝ።

«በፍል ውሃ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ስንት ላይ አደረግኸው?»

«መቶ ላይ።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «የየት አገር ውሃ ነው መቶ ላይ የሚፈላው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ የሚፈላው እንፋሎቱ ከላይ የሚጫነውን የአየር ግፊት አሸንፎ ሲወጣ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ የሚሆነው 100 ዲግሪ ላይ ነው። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከላያችን ያለው አየር አነስተኛ ስለሆነ ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ጭነቱ የቀለለው ውሃ ቀደም ብሎ ይፈላል። ለግምት ያህል በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል፤ 2,100ን ለ300 ስናካፍል ሰባት ይመጣል። ስለዚህ እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ላይ ነው። ቀስቴ መጀመሪያ የቆመበት ቦታ ማለት ነው! ቴርሞሜትሩ ከፋብሪካ ሲወጣ ልክ ነበር፤ ያዛነፍኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ከማዕዱ ማዶ ሆና ትሰማ ነበር። «መተማ ያለችው እህቴ ባቄላ ጥዳ ብዙም ሳትቆይ ታወጣለች» አለች፤ «እኔ እዚህ ከሰሉን ጨርሼም አይበስልልኝ። ዓመት ሙሉ የባቄላው ዘር ነው ስትሉኝ ነበር።» መምህሩ በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ። ደጋ ላይ ውሃው የቱንም ያህል ቢንተከተክ ሙቀቱ ከ93 አያልፍም፤ እሳት መጨመር እንፋሎት ያበዛል እንጂ ባቄላውን አያፋጥነውም። ለዚህ ነው ባለ ግፊት ድስት እዚህ አገር ትልቅ ሀብት የሚሆነው። በዚያው ምሽት መምህሩ፣ ስዊድናዊው አንደርሽ ሴልሺየስ እ.ኤ.አ. በ1742 የሙቀት መለኪያውን ሲያዘጋጅ፣ የውሃ መፍያ ከአየር ግፊት ጋር ከፍና ዝቅ እንደሚል አውቆ ለተወሰነ ግፊት እንደወሰነው አጫወቱን። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ዜሮ መፍያው፣ መቶ ደግሞ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ነበር፤ በኋላ ነው የተገለበጠው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች የተራራን ከፍታ የሚለኩት ውሃ አፍልተው ሙቀቱን በማንበብ እንደነበርም ከእሳቸው ነው የሰማሁት።

ጉዳዩን እንደ አዲስ የያዝኩት በዐቢይ ጾም ነው። ሃምሳ አምስት ቀን በርሜሉ ሥጋ ስለማያይ ለመለካት ከዚህ የተሻለ ጊዜ አልነበረም። መጀመሪያ ያስፈለገኝ ሁለተኛ መለኪያ ነው። የክዳኑ ቴርሞሜትር ቁጥሩ የሚጀምረው ከ50 ስለሆነ በበረዶ ልፈትነው አልችልም፤ አንድ የፍል ውሃ ነጥብ ብቻ ይዤ ደግሞ እንደገና መሳሳት አልፈለግሁም። አዲስ አበባ የሚመላለስ ወዳጄ መርፌ መሰል ዘንግና ረጅም ገመድ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዝቶ አመጣልኝ።

በረዶ ጥሩ ነገር ነው፤ በደጋም በቆላም የሚቀልጠው ያው ዜሮ ላይ ነው፤ የከፍታው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። መብራት እየጠፋ ስለነበር ማቀዝቀዣው በረዶ እስኪሠራ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። መጀመሪያ ጊዜ እንዳለ ትልልቁን በረዶ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሬ ውሃ ሞላሁበትና ዘንጉን ነከርኩ፤ 3 ዲግሪ አሳየኝ። ቴርሞሜትሩ ሊወቀስ ሲል ቆም ብዬ አየሁት። በበረዶዎቹ መካከል ሰፊ የውሃ ክፍተት አለ፣ የዘንጉ ጫፍ ደግሞ የብርጭቆውን ታች ነክቷል። ሁለተኛ ጊዜ በረዶውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በሙቀጫ ወቀጥኩት። የተወቀጠውን እስከ አፉ ሞላሁ፣ ክፍተቱን ብቻ የሚሸፍን ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩ፣ የተረፈውን ደፋሁ። ዘንጉን መሐል ላይ፣ ታችም ጎንም ሳላስነካ ይዤ ቀስ እያልኩ አማሰልኩ። ቁጥሩ 2.1፣ 1.2፣ 0.8 እያለ ወረደ፤ 0.5 ላይ ሲደርስ ቆመ። ሦስት ደቂቃ ጠበቅሁ፣ አልተንቀሳቀሰም። ሙቀጫው ጨው ተወቅጦበት ከነበረ በደንብ መታጠብ አለበት፤ ጨው የገባበት በረዶ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ከዚያ ፍል ውሃ። ጎላ ያለ ድስት ሞልቼ ጣድኩና መንተክተኩ ሳይቋረጥ ዘንጉን ከታቹ ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ ያዝኩ፤ የድስቱ መቀመጫ ከውሃው ይበልጥ ስለሚግል እሱን መንካት የለበትም። እንፋሎቱ እጅ ስለሚያቃጥል ዘንጉን በፒንሳ መያዝ ይሻላል። 93.4 አለ። ስልኬ የግቢያችንን ከፍታ 2,120 ሜትር ገደማ ነው ያለኝ፤ ሒሳቡ 93 ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ያርፋል። በበረዶውም በፍል ውሃውም መለኪያው ግማሽ ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ያነብባል ማለት ነው። ሁለቱ ነጥቦች እንዲህ ሲስማሙ ልቤ አረፈ፤ ከሚያነብበው ሁልጊዜ ግማሽ እቀንሳለሁ።

አሁን የክዳኑን ቴርሞሜትር ፈታሁት። ዘንጉ ላይ ከአንድ ቀን ሥራ ብቻ የተጋገረ ጥቀርሻ ነበር። ጥቀርሻው እንደ ብርድ ልብስ ስለሚሆን ሙቀቱ ዘግይቶ ነው የሚደርስበት፤ በሞቀ ውሃና በኮምጣጤ ፈትጌ አጸዳሁት። ከዲጂታሉ ጎን ለጎን በፍል ውሃው ነከርኩት። ሙቀቱን የሚሰማው የዘንጉ የታችኛው ክፍል ስለሆነ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል መስጠም አለበት። ቀስቱ ቀርፋፋ ነው፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳልጠብቅ ቺያቬውን አልነካሁም። ልክ እንደጠረጠርነው 100 ላይ ቆመ። ዳዶውን ይዤ ፊቱን አዞርኩና 93 ላይ አሳረፍኩት። በምስማርም በክዳኑ ላሜራ ላይ፣ ከቴርሞሜትሩ ሥር፣ «ፍል ውሃ 93» ብዬ ጫርኩበት።

ሥራው እዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። መምህሩ ግን አጥር ተደግፈው ሲያዩኝ ቆይተው፣ «ቴርሞሜትሩ የሚነግርህ እሱ ያለበትን ቦታ ሙቀት ነው፤ ሥጋው ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው» አሉኝ። እውነትም የእኔው ቴርሞሜትር ክዳኑ አናት ላይ፣ ወደ ጭስ መውጫው ጠጋ ብሎ ነው የተገጠመው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ እዚያ የሚነበበው ከፍርግርጉ ይበልጣል።

የፍርግርጉን ጠባይ ለማየት የተጠቀምኩት በዳቦ ነው። ጾም ስለሆነ ሥጋ አይታሰብም፤ ከዳቦ ቤት የገዛሁትን ዳቦ እኩል ቆራርጬ አሥራ ስድስት ቁራጭ በአራት ረድፍ ደረደርኩ፣ ክዳኑን ዘጋሁና ግማሽ ሰዓት ያህል ተውኩት። ስከፍተው ፍርግርጉ በዓይኔ ፊት ካርታ ሆኖ ተዘረጋ። ከከሰሉ በኩል ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ጠቁሯል፣ ሁለተኛው ቡናማ ሆኗል፣ ሦስተኛው ዳር ዳሩ ብቻ ቀላ ብሏል፣ የመጨረሻው ረድፍ ነጭ እንደሆነ ነው። ከሁሉ የገረመኝ በሁለተኛው ረድፍ በግራ ጫፍ የነበረችው አንዲት ቁራጭ ናት፤ ጎረቤቶቿ ቡናማ ሆነው እሷ ከሰል መስላለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሥሯ የበርሜሉ ስፌት በደንብ ሳይበየድ ቀርቶ ትንሽ ቀዳዳ አለ፤ አየር በዚያ ገብቶ የከሰሉን ግለት በቀጥታ ወደዚያ ይገፋዋል። ያንን ቀዳዳ ለወራት አላየሁትም ነበር። በያጁ በማግስቱ ዘጋልኝ።

ከዚያ በኋላ የዲጂታሉን ዘንግ በሦስተኛው ረድፍ መካከል፣ ከፍርግርጉ ጣት ያህል ከፍ አድርጌ በሽቦ አሰርኩትና ባዶውን በርሜል ሙሉ ከሰዓት አነደድኩት። አንድ ሙቀት ላይ ሃያ ደቂቃ ካልረጋ በስተቀር ምንም አልጻፍኩም። ክዳኑ 100 ሲል ፍርግርጉ 92 ነበር፤ 120 ሲል 109፣ 135 ሲል 122። ልዩነቱ እየሞቀ ሲሄድ ይሰፋል፤ ስለዚህ «አሥር ቀንስ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፣ የየራሳቸውን መጻፍ ያስፈልጋል። ፍርግርጉ ላይ 110 ከፈለግሁ ክዳኑ 121 ማለት አለበት።

የገናን ሒሳብ ያን ጊዜ ሠራሁት። ክዳኑ 110 ሲለኝ እኔ ከጨመርኩበት ሰባት ሲቀነስ እውነተኛው 103 ነበር፤ ሥጋው ያለበት ቦታ ደግሞ ከዚያ ወርዶ 94 አካባቢ። ፍሪምባ የሚጠነክረው በጅማትና በስስ ቆዳ የተሞላ ስለሆነ ነው፤ ያ ጅማት ወደ ለስላሳ ሙጫነት የሚለወጠው የሥጋው ውስጥ ከ70 ዲግሪ በላይ ገብቶ ብዙ ሰዓት ሲቆይ ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ ትዕግሥት የሚፈታተን ቦታ አለ። 65 እና 75 መካከል ሲደርስ ከላዩ የሚተነው ወዝ ሥጋውን እንደ ላብ ያቀዘቅዘዋል፣ ሙቀቱም ለሰዓታት ቆሞ ይቀራል። የገናው ሥጋ ከዚያ ቦታ ሳይወጣ ነው ለማዕድ የቀረበው። እናቴ በአንድ ጉርሻ ያወቀችውን እኔ በሦስት ወር ደረስኩበት።

ለበሬው ፍሪምባ ጉዳቱ መጠንከር ብቻ ነበር። ዶሮ ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የዶሮ ሥጋ ከውስጡ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። በዚያ በተዛነፈ መሣሪያ ሰባት ዲግሪ የጎደለው ዶሮ ለልጆች ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም ደስ አይለኝም።

ፋሲካ እሑድ ጠዋት ቅርጫው ታረደ፤ እንደ ገናው ተደራድሬ ፍሪምባውን ወሰድኩ። ጨውና በርበሬ አሽቼ ቀኑን ማቀዝቀዣ ውስጥ አዋልኩትና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩት። ክዳኑን 121 አካባቢ ይዤ ሌሊቱን አብሬው አነጋሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ የሥጋው ውስጥ 69 ደረሰና ቆመ። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ያው 69። ከሰል ለመጨመር እጄ እየተነሣ ተውኩት፤ ፍርግርጉ 110 እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። 9 ሰዓት ሲቃረብ 71 አለ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ ወጣ።

የውጭ አገር መመሪያዎች ፍሪምባን 95 ወይም 96 ላይ አውጡ ይላሉ። እዚህ ያንን ቁጥር መጠበቅ ሥጋ ማድረቅ ነው፤ ሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ 93 አካባቢ ስለሚፈላ ቁጥሩ እንዲያልፍ ወዙ መጥፋት አለበት። እኔ ከ88 ጀምሮ ቁጥሩን ትቼ በአዲስ ወስፌ ወጋ ወጋ እያደረግሁ ፈተንኩት። 90 ላይ ወስፌው ያለ ምንም ግፊት ሰጠመ። አውጥቼ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ አንድ ሰዓት አሳረፍኩት። ሰኞ ጠዋት ስቆርጠው ቢላዋው የራሱን ክብደት ብቻ ይዞ ወረደ፤ ከጫፉ ከዘጠኝ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቀላ ያለ የጭስ መስመር ዞሮታል፣ በመካከሉ ጅማት የነበረበት ቦታ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። እናቴ ሁለተኛ ጊዜ ከስቡ በኩል ያለውን ጠየቀችኝ።

ለበዓሉ የመጣው የመተማዋ አክስቴ ልጅ ሲመለስ ዲጂታሉን አውሼው ሄደ። በርሜል ሊያሠራ አስቧል፤ እኔ ግን ከበርሜሉ በፊት አንድ ነገር እንዲያደርግልኝ ለመንኩት። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል 700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በ300 ሲካፈል ሁለት ዲግሪ ከምናምን ነው የሚቀነሰው። በሳምንቱ ደወለልኝ። ድስቱ እየተንተከተከ በስልኩ ይሰማኛል።

«98 ነጥብ 2 ይላል» አለኝ።

ግማሽ ቀንሼ 97.7 ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ቁጥሩን ለእናቴ ስነግራት ሽሮ ታበጥር ነበር። «ይኸው ባቄላው!» አለችና ስልኩን ተቀብላኝ እህቷን እንዲያገናኛት ጠየቀችው።